ዓረብ አገርን የሚያጠኑት ሰዎች ቤት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይበዛል። ቤተ መጻሕፍቱ ጥሩ ነው። የዓረብኛ ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው። የሐሙስ ንግግሩ እንደ ተናጋሪው ነው። በሩ ግን አስቸጋሪ ነው።

የማወራው እዚሁ ጎጃም፣ በምኖርበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለ አንድ የጥናት ማዕከል ነው። የሚያጠናው የዛሬውን መካከለኛው ምሥራቅ ነው። ግብፅን፣ ሊባኖስን፣ እስራኤልን፣ ሳዑዲንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ቅሬታም ስላለኝ ስም ማንሣቱ ደስ አይለኝም። እኔ ተማሪ አይደለሁም። የደምበጫ ልጅ ነኝ። ቤይሩት ለዓመታት ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ። አሁን ከግቢው ማዶ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አበዛለሁ፤ የወይራ ዘይት ሳገኝ ደግሞ ከላይ ጠብ አደርግበታለሁ። አንድ መምህር ቀምሶ የት እንደተማርኩት ጠየቀኝ። ቤይሩት ስለው፣ "እንግዲያውስ ሐሙስ ነይ፤ ስለ ሊባኖስ ንግግር አለን" አለኝ።

ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። "ንግግሩ ለሁሉም ክፍት ነው" ይላል። ከወረቀቱ ፊት ጥበቃው ቆሟል።

"እህቴ፣ መታወቂያ።"

የቀበሌዬን አወጣሁ።

"የግቢውን ነው እንጂ።"

"ጋሼ፣ ተማሪ አይደለሁም። ንግግሩን ልሰማ ነው።"

"ማን ያውቅሻል?"

ወረቀቱን አሳየሁት። ዘወር ብሎ አነበበው። ከተለጠፈ ጀምሮ ያነበበው ያን ጊዜ ይመስለኛል። "እሱማ ለእንግዳ ነው" አለኝ። እኔ ታዲያ ምን እንደሆንኩ አልነገረኝም።

በኋላ መምህሩ ወጥቶ አስገባኝ። ጥበቃውን አልወቅስም። ጊዜው የጥርጣሬ ጊዜ ነው፣ እሱም የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የምወቅሰው ማዕከሉን ነው። ሕዝብ ከጋበዙ ለበሩ ይንገሩ። ካልነገሩ ወረቀቱን ያንሡት። ከእኔ ኋላ አንድ አባት ቆመው ነበር፤ እሳቸው የሚጠሩት ሰው ስላልነበራቸው ተመልሰው ሄዱ።

ማዕከሉ ያለው አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ አይሰፋም። ግድግዳው ላይ ከሞሮኮ እስከ ኢራን የሚደርስ ካርታ ተሰቅሏል። ኢትዮጵያ ከታች ጥግ ላይ ተቆርጣለች፤ ጎጃም ለጥቂት ገብቷል። ማንበቢያ ጠረጴዛዎቹ ንጹሕ ናቸው። ለማንበብ ክፍያ የለም፣ መታወቂያ ማስያዝ ብቻ ነው። መጽሐፍ ወደ ውጭ አይወጣም። ፎቶ ኮፒ ግን እዚያው ፎቅ ላይ ይነሣል፤ መብራት ካለ። ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ተማሪው ሁሉ እዚህ ይጎርፍ እንደነበር የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ አጫውታኛለች። እሷ ራሷ ለማዕከሉ ትልቅ ሀብት ናት። መጽሐፉን ባታውቂው እንኳ የፈለግሽውን ነገር ከነገርሻት አውጥታ ትሰጥሻለች። እንዲህ ያለ ሰው በመሥሪያ ቤት ብዙ አላጋጠመኝም።

መደርደሪያውን ሳይ ግን ሳቅኩ። ከግማሽ በላዩ ግብፅና ዓባይ ነው። እስራኤልና ፍልስጤም ጥሩ ቦታ ይዘዋል። ኢራንም አለች። ሊባኖስ ከታች ጥግ ላይ ጥቂት መጻሕፍት አሏት። ሳዑዲም ብትሆን መጻሕፍቷ በአብዛኛው ስለ ንጉሦቹና ስለ ነዳጁ ናቸው። የሰፈራችን ልጆች የሚሄዱት ግን ወዴት ነው? ካይሮ የሄደች የቡሬ ልጅ ብዙ አላውቅም። ጂዳና ሪያድ፣ ዱባይና ኩዌት፣ ቤይሩት የሄደች የሌለበት ሰፈር ግን ያለ አይመስለኝም።

ዓባይ ቢበዛ አልፈርድም። ወንዙ የሚነሣው ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። የዓባይን በረሃ እየወረድንና እየወጣን ያደግን ሰዎች ስለ ግብፅ ባናጠና ነው የሚገርመው። በዚህ ረገድ ማዕከሉ ጎበዝ ነው። ስለ ግብፅ የተደረገውን ንግግር ወድጄዋለሁ። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ተፈራርመው ውኃውን ሲከፋፈሉ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደደረሰና ኢትዮጵያ እንዳልተጠራች፣ ይህን ሁላችንም እንሰማዋለን። ተናጋሪው ግን ከዚያ አለፈ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ90 በመቶ በላይ ውኃዋን ከአንድ ወንዝ ስታገኝ ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሚያድርባት አስረዳ። የአስዋን ግድብ 2,100 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የእኛው ሕዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑንም ጠቀሰ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ከኋላ የተቀመጡ አንዳንድ ልጆች ይህ አልጣማቸውም፤ ጭብጨባ ለምደዋል። ለእኔ ግን ምርጡ ንግግር እሱ ነበር።

በዚያ ንግግር ላይ አንድ መሪጌታ ተነሡና፣ "ግብፅ ግብፅ ትላላችሁ፤ ጳጳስ ስታመጣልን የኖረችውን የት ጣላችሁት?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። መምህሩም አልሳቀም። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይላክ እንደነበርና በዚያ ዓመት አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እንደሆኑ በዝርዝር አስረዳ። ከዚያ ኢየሩሳሌም ወዳለው ወደ ዴር ሱልጣን ገቡ። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚኖሩት መነኮሳታችን ከግብፆች ጋር ያላቸው ክርክር ገና አላለቀም። መሪጌታውና መምህሩ ለረጅም ጊዜ ተወያዩ። ሰዓቱ አለፈ። ማንም አልወጣም። ማዕከሉ ሲሳካለት እንዲህ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ከሕዝቡ መካከል ሲነሣ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ችግሩ ይህን የሚያደርገው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሊባኖሱ ንግግር ልመለስ፤ የተጠራሁት ለእሱ ነውና። ተናጋሪው ወጣት መምህር ነው። ርእሱ ከፋላ ነበር። እኛ ስፖንሰር የምንለው ነገር ነው። ሠራተኛዋ አገር ውስጥ የምትኖረው በአሠሪዋ ስም ነው። አሠሪዋን ትታ ከወጣች ፈቃዷ አብሮ ይሄዳል። ይህን ኖሬበታለሁ። ሕጉን ግን አላውቅም ነበር። ልጁ ሕጉን አንድ በአንድ ዘረዘረ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያስወጣቸዋል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ሕጓ ውስጥ አስገብታቸዋለች። ኩዌት በ2015፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2017 ለቤት ሠራተኛ የተለየ ሕግ አውጥተዋል። ሳዑዲ በ2021 ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር የሚፈቅድ ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ሁሉንም ዓረብ አገር አንድ አድርገን ነበር የምናየው። አንድ አይደለም። አገር የምትመርጥ ልጅ ይህን ብታውቅ ምንኛ ይጠቅማት ነበር።

የገንዘቡንም ነገር እዚያ ነው የገባኝ። የሊባኖስ ሊራ ለብዙ ዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ታስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መውደቅ ጀመረ፤ ባንኮች የሰውን ገንዘብ ያዙ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንድ ዶላር ወደ 90 ሺህ ሊራ ደረሰ። ማዳም "ዶላር የለም" ስትል ውሸቷን ነው እንል ነበር። ግማሹ ውሸት አልነበረም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. አሠሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቆንስላው በር ላይ የጣሉበትን ፎቶ በግድግዳው ላይ አሳየን። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ፤ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ እዚያው ነበርኩ። ስለዚያ ቀን እዚህ አልጽፍም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ልጁ በሥዕል አሳየን። መንግሥት፣ አሠሪ፣ ኤጀንሲ፣ ሠራተኛ፤ በመካከላቸው ቀስቶች። ጥሩ ሥዕል ነው። ግን ናጡሩ የለበትም። ናጡር የሕንፃው ዘበኛ ነው። ቤይሩት ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ቆሻሻ ልትጥይ ስትወርጂ የምታገኚው ሰው እሱ ነው። ደግ ከሆነ መልእክት ያደርስልሻል፤ ክፉ ከሆነ ለማዳም ይናገርብሻል። በረንዳም የለበትም። የተቆለፈባት ልጅ ከሰው ጋር የምትገናኘው በበረንዳ ነው፤ ልብስ እያሰጣች ከማዶዋ ጋር ታወራለች። እሑድ ዶራ የሚባለው ሰፈርም የለም። ዕረፍት የተፈቀደላቸው ሁሉ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ እንጀራው፣ ጸጉር ሠሪው፣ ገንዘብ ላኪው እዚያ ነው። እጄን አውጥቼ ይህንን ተናገርኩ። ልጁ ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አመሰገነኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አይኮራም።

ግን ነገሩ እዚያው ቀረ። ማስታወሻ ላይ ጻፉ እንጂ "አንድ ሐሙስ አንቺ ተናገሪ" ያለኝ የለም። እኔን ባይሉ እንኳ ሌላ ሞልቷል። ከቁርስ ቤቴ ጎን ልብስ የምትሸጠው ልጅ ጂዳ ነበረች። ከመናኸሪያው አጠገብ ጸጉር ቤት ያላት ኩዌት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ አብረው የመጡ ወንዶች ዛሬ እዚሁ ባጃጅ ይነዳሉ። ማዕከሉ ለመስክ ጥናት በጀት አጣን ይላል። መስኩ ከግቢው አጥር ውጭ ነው፤ የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ይበቃል።

ሌላው ቋንቋው ነው። ንግግሩ የሚጀመረው በእንግሊዝኛ ነው። መሐል ላይ ተናጋሪው ሲደክመው አማርኛ ይገባል፤ ነገሩ የሚጥመውም ያኔ ነው። ለምን ከመጀመሪያው አማርኛ እንደማይሆን ጠይቄ፣ ደንቡ ነው አሉኝ። የሚሰማው ሰው ሁሉ ሐበሻ ነው። መሪጌታው ያን ሁሉ ክርክር ያደረጉት አማርኛ ስለገባ ነው። የሚያሳትሙት መጽሔትም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አልገዛሁትም።

አሁን ወደሚያስመሰግናቸው ልምጣ። የዓረብኛ ትምህርት አላቸው። ማታ ማታ ነው፣ ለውጭ ሰውም ክፍት ነው፤ ተመዝጋቢ ስለሆንሽ የበር ወረቀት ይሰጥሻል፣ ጥበቃውም ያከብርሻል። ክፍያው አይጎዳም። እኔ ዓረብኛ እናገራለሁ፤ የቤይሩት ወጥ ቤት ዓረብኛ ነው። ማንበብ ግን ምንም አልችልም ነበር። መምህሩ መጀመሪያ አፌን ሲሰማ ሳቀ፤ ሊባኖሳዊ መስዬው። ከዚያ ከፊደል አስጀመረኝ። ታጋሽ ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ ያጻፈሻል፣ ስትስቺ አያሳፍርሽም። የሚያስተምረው የመጽሐፍና የዜና ዓረብኛ ነው። ጂዳ ወይም ቤይሩት ለመሄድ ለምትዘጋጅ ልጅ መናገሩ ብዙ አይጠቅማትም፤ እዚያ ማንም እንደዚያ አያወራም። ማንበቡ ግን ይጠቅማታል። እንዴት እንደሚጠቅማት በራሴ አይቻለሁ።

ኮንትራቴን አስቀምጬው ነበር። የፈረምኩበት የዓረብኛ ወረቀት ነው፤ ስፈርም ምን እንደሚል አንድም ሰው አልነገረኝም። ፊደሉ ሲገባኝ ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሩ ሄድኩ። "አንቺ አንብቢ፣ እኔ የከበደሽን እነግርሻለሁ" አለኝ። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው አንድ ወጥ የቤት ሠራተኞች ኮንትራት ነው። በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ የለም ይላል። ሌሊት ሳይቋረጥ 8 ሰዓት ዕረፍት። በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት። ሦስቱም ላይ ፊርማዬ አለ። ማዳምም ፈርማበታለች። መምህሩ ዝም አለ። እኔ ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። ለካ እሑድ እሑድ ማዳምን ፈቃድ ስለምናት የኖርኩት የራሴን ቀን ኖሯል!

ከዚያ ያ ወጣት የከፋላ መምህር ቀሪውን አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም ላይ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ኮንትራት አውጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ ውሏን አቋርጣ መውጣት እንድትችል የሚያደርግ ነው። በወሩ፣ የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር አቤት ብሎ፣ የአገሪቱ የበላይ አስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ይህን ከእነሱ ባልሰማ ከየት እሰማ ነበር? በዚህ አገልግሎት ላይ አንድም ክፉ ቃል የለኝም። ደግሞ ይህን የሚያደርጉት ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ፣ ማንም ሳያዛቸው ነው።

ሴት ልጃቸው ልትሄድባቸው የተነሣች እናት ከቡሬ መጥተው ቁርስ ቤቴ አገኘኋቸው። ደላላው ለቪዛና ለትኬት ብር አምጡ ብሏቸዋል። ይዣቸው ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ከመደርደሪያ አውጥታ አነበበችላቸው። ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ወጪ ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የሠራተኛዋ። ከ18 ዓመት በታች መላክ አይቻልም። እናትየው፣ "ልጄ፣ ይህን በወረቀት ጻፊልኝ" አሉ፤ ጻፈችላቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ጠረጴዛ ማዕከሉ የለውም። ልጅቷ በገዛ ፈቃዷ ነው የምታደርገው። ከምርምር ሁሉ በፊት ይህ ጠረጴዛ ቢቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ማዕከሉ ግን "እኛ የጥናት ነን እንጂ የአገልግሎት አይደለንም" ይላል። ይበል።

መጸዳጃው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከታች ጸሐፊዋ ጋ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ይዘጋል፣ ከሰዓት 7፡30 ላይ ይከፈታል ቢባልም ስምንት ሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጠላ ሳይሆን ጋቢ ያዙ።

ለንግግር የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ደውሉና ስማችሁን አስመዝግቡ፤ አሁን ለጠየቀ ሰው ስሙን በር ላይ ይተዉለታል። ከፊት ተቀመጡ፣ ድምፅ ማጉያው ከኋላ አይሰማም። የዓረብኛው ምዝገባ ጥቅምት ላይ ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶና የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ይበቃል። ዓረብ አገር ቆይታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ኮንትራታችሁን ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መምህሩን ከትምህርቱ በኋላ ጠይቁት፣ እምቢ አይልም።